የክረምቱ ታዛቢ፦ የረግረግ ወፎች ምልከታ ታሪክ ከ«አቡ ሐነስ» እስከ በርጋ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በጳጉሜን ወር የቀረበ ንግግር)



በዚህ የጳጉሜን ዝናብ ጭቃውን ተሻግራችሁ ስለ ወፎች ታሪክ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ርዕሱ ለታሪክ ትምህርት እንግዳ ሆኖ የታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። የታሪክ ሰው የሚጠበቅበት ነገሥታትን፣ ጦርነትንና መሬትን መመርመር እንጂ ረጅም እግር ያላቸውን ወፎች በረግረግ ዳር መቁጠር አይደለም ይባላል። እኔ ግን ወፎቹን ሳይሆን ወፎቹን ያዩትን ሰዎች ነው የምመረምረው። ማን አየ? በየትኛው ወር አየ? ያየውን ማን ጻፈው? የማንስ ስም ከጽሑፉ ወጣ? እነዚህ የታሪክ ጥያቄዎች ናቸው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ስለ ረግረግ ወፎቻችን የተጻፈው መዝገብ በአብዛኛው የበጋ መዝገብ ነው። የወፎቹ ሕይወት ዋነኛ ክፍል ግን የሚፈጸመው በክረምት፣ በተለይም በክረምቱ መውጫ ነው። በመዝገቡና በሕይወቱ መካከል ያለው ይህ ክፍተት የሳይንስ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ረግረጎቻችንን እስከ ማጣት የሚያደርስ አደጋ ነው። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለውም በረግረጉ አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው። ካልጠቀስኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን፣ ወራቱና ቀናቱ ግን የእኛ መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በነሐሴና በመስከረም መካከል

አስቀድሜ በእነዚህ ሳምንታት በጣና ዙሪያ ምን እንደሚሆን ባጭሩ ልግለጽ። የሐይቁ ውኃ ዝቅተኛ ሆኖ የሚታየው በሰኔ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዞቹ ሞልተው ሲገቡ ሐይቁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፣ ወደ መስከረምና ጥቅምትም ጫፉን ይነካል። ውኃው ሲሞላ ወደ ሜዳው ይተኛል፤ ሲጎድል ደግሞ ጭቃውን ገልጦ ይተዋል። በዚያ ጭቃ ውስጥ ትሉ፣ የነፍሳት እጩ፣ ቀንድ አውጣው ይርመሰመሳል። የረግረግ ወፍ ማዕድ ይህ ነው። ማዕዱም በሥርዓት የተከፋፈለ ነው። አጭር መንቆር ያለው ወፍ የጭቃውን ገጽ ይለቅማል፤ መካከለኛው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ እንደ ማጭድ የጎበጠ ረጅም መንቆር ያለው ደግሞ ሌላው የማይደርስበትን ይፈልጋል። እግራቸውም እንደዚሁ የውኃውን ጥልቀት ተከፋፍሎታል። ለዚህም ነው በአንድ ትንሽ ጨፌ ላይ ብዙ ዓይነት ወፎች ሳይጣሉ ሲመገቡ የምናየው።

ከነሐሴ ጀምሮ በእነዚህ ነዋሪዎች ላይ እንግዶች ይጨመራሉ። በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ረግረጎች የተራቡት ትንንሾቹ የጭቃ ወፎች የዚያ አገር ብርድ ሳይመጣባቸው ወደ ደቡብ ይነሣሉ። በብዙዎቹ ዘንድ ወላጆቹ ይቀድማሉ፤ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶች መንገዱን ያሳያቸው ሳይኖር ዘግይተው ይከተላሉ። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ ከሐይቁ ዳር የምታዩት ትንሽ ግራጫ ወፍ ዕድሜው ሦስት ወር ያልሞላ፣ ይህን ምድር ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቅ መንገደኛ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ በር ዘግተን በምንከርምበት ጊዜ ነው።

«ከረመ» የሚለው ግሥ

ቋንቋችን ራሱ የሚመሰክረው ነገር አለ። «መክረም» ማለት ክረምትን በአንድ ሥፍራ ማሳለፍ ነው። ዜና መዋዕሎቻችን ንጉሡ በዚህ ዓመት የት እንደ ከረመ ይነግሩናል። ወንዝ ሲሞላ ዘመቻ ይቆማል፣ ነጋዴው ይቀመጣል፣ ሠራዊቱ ይበተናል። ዛሬም ሰው ከቆየ በኋላ ሲገናኝ «እንዴት ከረምክ?» ይባባላል፤ የጥያቄው ሥር ያን አስቸጋሪ ወቅት በምን ሁኔታ አሳለፍኸው የሚል ነው። እንቅስቃሴ ሲቆም ጽሑፍም ይቀንሳል። ከውጭ የመጣው ተጓዥም ቢሆን መንገድ የሚጀምረው ውኃው ሲጎድል ነው። ስለዚህ የጉዞ ማስታወሻዎችን ስናነብ አገራችን ዘወትር ደረቅ መንገድና ጥርት ያለ ሰማይ ያላት ትመስላለች።

ይሁንና የማይንቀሳቀሰው ሰው ማየቱን አላቆመም። የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ክፍፍል ክረምቱን በአንድ ስም ብቻ ጠርቶ አያልፈውም፤ በየሳምንታቱ ከፋፍሎ ስም ይሰጠዋል። በነሐሴ አጋማሽ የሚውለው ክፍል «ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ» ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። ትርጓሜው መንፈሳዊ ነው፤ ፈጣሪ ለቁራ ልጆች ሳይቀር የሚመግብ መሆኑን ያስተምራል። ነገር ግን አንድ ሥርዓት ከዓመቱ ወራት መርጦ የጫጩቶችንና በውኃ የተከበበ ምድርን መታሰቢያ በነሐሴ ላይ ማዋሉን የታሪክ ሰው በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። ይህን የሠሩት ሰዎች ክረምቱን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ።

ኦሪት ዘሌዋውያንን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንትም የማይበሉትን ወፎች ዝርዝር ለመተርጎም ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ሽመላ፣ ሳቢሳ፣ ይብራ፣ ጋጋኖ የሚሉት ስሞች በሕዝቡ አፍ ላይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ አንዱ ስም ከአገር አገር ለተለያየ ወፍ ይውላል። ስሞቹ ግን በውኃ ዳር ቆሞ የሚያስተውልና አንዱን ወፍ ከሌላው የሚለይ ሰው ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበረ ያረጋግጣሉ።

አባ ዮሐንስ የሚባለው ወፍ

አሁን ወደ አንድ ስም ልውሰዳችሁ። ከዚህ ምድር ተነሥቶ ፓሪስ የደረሰ፣ ከዚያም የተረሳ ስም ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ፤ ጎንደርን የለቀቀው በ1771 መጨረሻ ነው። ከብዙዎቹ ተጓዦች የሚለየው ሁለት ክረምት እዚሁ መክረሙ ነው። የጉዞ መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ሲታተም የመጨረሻው ቅጽ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ነበር። በዚያ ውስጥ ነጭ ላባ፣ ጥቁር ራቁት አንገትና እንደ ማጭድ የጎበጠ መንቆር ስላለው አንድ የረግረግ ወፍ ጻፈ። ስሙንም «አቡ ሐነስ» አለው፤ ትርጉሙም አባ ዮሐንስ እንደ ሆነ፣ ይህን ስም ያገኘውም በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ስለሚታይ መሆኑን ገለጸ። ወቅቱንም የክረምቱ ውኃ ወደ ዓባይ ከሚገባበት ጊዜ ጋር አያያዘው።

ስሙን እስኪ ጠጋ ብለን እንመልከተው። «አቡ» ዐረብኛ ነው። ዐረብኛ ግን ዮሐንስን «ዩሐና» ይለዋል፤ በመጨረሻው ላይ ያለው «ስ» የግእዙን አጠራር ያስታውሳል። እንደ እኔ ንባብ ይህ በሲራራ ንግድ መንገድ ላይ ሁለት ቋንቋ የተገናኙበት ስም ነው። የዮሐንስ ቀንስ መቼ ነው? በእኛ አቆጣጠር ዮሐንስ ክረምቱን ከሁለቱም ጫፍ ይዞታል። ልደቱ ሰኔ 30 ይከበራል፤ መስከረም 1 ደግሞ ዕለቱ ዮሐንስ ተብሎ ዓመቱ ይከፈትበታል። ወፉ የተሰየመው በመልኩ ወይም በድምፁ አይደለም፤ በክረምት ነው። እንዲህ ያለ ስም ሊያወጣ የሚችለው ወፉን አንድ ቀን ያየ መንገደኛ አይደለም። በየዓመቱ በዚያው ሥፍራ ሆኖ መምጣቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደ ነበረ ብሩስ አልጻፈልንም።

ብሩስ በዚህ ረገድ የባሰ ነገርም አድርጓል። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ብዙዎቹን ሥዕሎች ያዘጋጀ፣ እስከ ግሽ ዓባይም አብሮት የተጓዘ ሰው ሲሆን በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የድካሙን ያህል ቦታ አላገኘም። የጣናን ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩትን የወይጦ ሰዎችም ብሩስ ጠቅሷቸዋል፤ ነገር ግን የሚያውቁትን ጠይቆ የጻፈላቸው እንደ አዋቂ አይደለም። ስም ከመዝገብ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የነገረው ሰው ይወጣል፣ ቀጥሎ የሣለው ሰው ይወጣል፣ በመጨረሻ ያሳተመው ሰው ብቻ ይቀራል።

ክርክሩ በፓሪስ

በዚያው በ1790 እንግሊዛዊው ጆን ሌተም ለወፉ የላቲን ስም ሲሰጠው «አቲዮፒኩስ» የሚለውን ቃል አኖረበት። ወፉ ዛሬም በሳይንስ ዘንድ በዚህ ስም ይጠራል፤ በተለመደው አጠራር ደግሞ ቅዱሱ አይቢስ ይባላል። ቅዱስ የተባለው ጥንታውያን ግብፃውያን የጽሕፈትና የጥበብ አምላክ ከሚሉት ቶት ጋር ስላያያዙትና እጅግ ብዙ አይቢሶችን በመድኃኒት አድርቀው፣ በጨርቅ ገንዘው በየመቃብሩ ስላኖሩ ነው።

ታዲያ አውሮፓውያን ሊቃውንት የግብፅ ቅዱስ ወፍ የትኛው እንደ ሆነ ለረጅም ጊዜ ተሳስተው ነበር። ሊኔዎስን ጨምሮ ታላላቆቹ ሁሉ ስሙን ሽመላ መሰል ለሆነ ቢጫ መንቆር ወፍ ሰጥተውት ነበር። የናፖሊዮን ዘመቻ የደረቁ አይቢሶችን ወደ ፓሪስ ሲያመጣ ዦርዥ ኩቪዬ ግንዛቱን ፈትቶ አጥንታቸውን ለካ። በ1800 ባቀረበውና በኋላ ባሳተመው ጥናቱ የግብፁ ቅዱስ ወፍ ብሩስ «አቡ ሐነስ» ብሎ ከገለጸው ወፍ ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ከጎንደር የሄደው ቃል ትልልቆቹን ሊቃውንት አረመ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኩቪዬ ከዚህ ተነሥቶ ከባድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ከሺህ ዓመታት በፊት የተገነዘው ወፍ ከዛሬው ወፍ የማይለይ ከሆነ ፍጥረታት አይለወጡም አለ። የሥራ ባልደረባው ላማርክ ደግሞ ፍጥረታት ይለወጣሉ ባይ ነበርና በ1809 ባሳተመው መጽሐፉ መልስ ሰጠ፤ የግብፅ አየርና ምድር ስላልተለወጠ ወፉም የሚለወጥበት ምክንያት አልነበረውም አለ። ከዳርዊን ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ስለ ሕይወት አመጣጥ በተደረገው በዚህ ክርክር መካከል የቆመው ምስክር በእኛ ክረምት ስም የተሰየመ የረግረግ ወፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ያሳዝናል። ወፉ ከግብፅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፋ። በ2019 የታተመ የዘረ መል ጥናት እንደሚያመለክተው ያ ሁሉ የተገነዘ ወፍ ከዱር የተሰበሰበ ይመስላል፤ ያን ያህል ወፍ የሚያኖር ረግረግ በዓባይ ዳር ነበረ ማለት ነው። ረግረጉ ሲሄድ ሺህ ዓመት የተመለከ ወፍ እንኳ አልቀረም። አምልኮ ብቻውን ወፍን አያድንም፤ ውኃው መኖር አለበት።

ከጠመንጃ ወደ ባይኖኩላር

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ፈጠን ብዬ ልለፈው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ጎብኝቶ ብዙ ናሙና ወሰደ። በደጋ ረግረጎቻችን የሚኖሩትና ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በሌላ ዓለም የማይገኙት ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይና በአንገቱ ሥር ሥጋ የሚያንጠለጥለው አይቢስ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። ደረቱ ነጠብጣብ ያለበትን የደጋ ረግረግ ወፍ በ1845 የሰየመውም እርሱ ነው። በዚያ ዘመን ማየት ማለት መግደል ነበር፤ ወፍ የሚታወቀው ተተኩሶበት፣ ቆዳው ተገፍፎና ታሽጎ ነው። ወፍን ሳይገድሉ መመልከት እንደ ራሱ የቆመ ዕውቀት መታየት የጀመረው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ሜሪየም ወፎችን በቲያትር መነጽር ስለ ማየት መጽሐፍ ያሳተመችው በ1889 ሲሆን እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሴሉስ ደግሞ በ1901 «የወፍ ምልከታ» የሚለውን ሐረግ የመጽሐፉ ርዕስ አደረገው።

ለእኛ አገር ወሳኙ ዘመን 1960ዎቹ ናቸው። በ1966 ዛሬ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የሚባለው ማኅበር ተመሠረተ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡትን ነጫጭ ፔሊካኖች አጠኑ፤ በ1971ም የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አሳተሙ። በ1996 ማኅበሩ ለወፎች ጠቃሚ የሆኑትን ሥፍራዎች መዝግቦ መጽሐፍ አወጣ። በ2009 ደግሞ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ሥርጭት በካርታ ያሳየውን ትልቅ ሥራ አበረከቱ። ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ባለ ዕዳ ነን።

ዕዳውን ካመንን በኋላ ግን ክፍተቱንም መናገር አለብን። በአውሮፓ በ1967 የተጀመረውና በኋላም ወደ አፍሪካ የተስፋፋው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ ዋናው ጊዜው ጥር ነው። ለዚህ በቂ ምክንያት አለው። በጥር ወፎቹ ረግተው፣ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ይሁን እንጂ አንድን ረግረግ በጥር ብቻ የሚያውቀው ሰው አንድን ቤተሰብ በሠርግ ቀን ብቻ እንደ ጎበኘ እንግዳ ነው። የተሰበሰበውን ሰው ቆጥሮ ይሄዳል፤ በዚያ ቤት ማን እንደ ተወለደ አያውቅም።

የበርጋ ምስክርነት

ለዚህ ከሁሉ የላቀው ምስክር አንዲት በጭብጥ የምትያዝ ወፍ ናት። በእንግሊዝኛው አጠራር ነጭ ክንፏ ፍለፍቴይል ትባላለች፤ ርዝመቷ ከአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በሣር መካከል በውኃ ላይ እየተሽሎከለከች ትኖራለች፤ ስትበርም ለጥቂት ሰከንድ ታይታ ሣሩ ውስጥ ትወድቃለች። በሳይንስ ስም የተሰጣት በ1877 ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና ነው። ከእኛ አገር በ1905 ከከፋ አካባቢ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ ብዙም ከማይርቀው ከሱሉልታ ሜዳ ተገኝታ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ዝም ተባለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ታየች፤ በ1997ም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የበርጋ ጨፌ ላይ እንደምትራባ ታወቀ። ዛሬ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መካከል ናት፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል።

ይህች ወፍ ከዋና ከተማችን የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሳለች እንዴት ሳትታወቅ ኖረች? መልሱ የቀን መቁጠሪያው ነው። በጨፌው ላይ የምትገኘው ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ ሣሩ አድጎ ውኃው በተኛበት ጊዜ ነው። በጥር የሚሄድ ቆጣሪ የታጨደ ሜዳና የሚግጥ ከብት ያያል። በሐምሌ ደግሞ መኪናው አይገባም፣ እግር ይሰምጣል፣ ዝናቡ መነጽሩን ያደበዝዘዋል። በዚያን ጊዜ በሥፍራው የሚገኘው እረኛው ነው።

በበርጋ የሆነው ነገር ታላቅ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። የአካባቢው ሰዎች የወፍ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ የወፏን መራቢያ በደቡብ አፍሪካ የሚጠብቅ ድርጅትም በአካባቢው ለሚገኙ ልጆች የትምህርት ቤት ግንባታ ደገፈ። ነገሩ የመጣው ከሁለት ሩቅ አገሮች ባለ አንዲት ወፍ ምክንያት ነው፤ በ2018 በደቡብ አፍሪካም እንደምትራባ ተረጋግጧል። የጫጩቶቹ ዕድል የሚወሰነው ግን በስብሰባ አዳራሽ አይደለም። ከብቱ ወደ ጨፌው የሚገባው በየትኛው ሳምንት ነው? ሣሩስ የሚታጨደው ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ይህን የሚወስኑት የሣሩ ባለቤቶች ናቸው። አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። ምሳሌው ለዚህ ጨፌ የተነገረ ይመስላል።

ምን ልናጣ እንችላለን?

ከተማሪዎቻችን አንዱ ባለፈው ጊዜ «ዶክተር፣ ሰው ባልጠገበበት አገር የወፍ ነገር ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ መልስም ይፈልጋል።

የፎገራን ሜዳ ተመልከቱ። በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በከብቱ የታወቀ፣ ትልልቅ የረግረግ ወፎች የሚውሉበት ሜዳ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሩዝ ተስፋፋበት። ሩዙ ብዙ ቤተሰብ መግቧል፤ ልጆችንም አስተምሯል። ይህን ጥፋት ብሎ የሚናገር ሰው የፎገራን ገበሬ ጓዳ ያላየ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሜዳው ሲለወጥ በክረምት በላዩ ላይ ምን ይራባ እንደ ነበር በየዓመቱ የጻፈ ሰው ነበርን? ምን እንዳተረፍን በኩንታል እናውቃለን፤ ምን እንደ ከፈልን ግን በቁጥር አናውቅም። አንድ ጎኑ ባዶ የሆነ የሒሳብ መዝገብ ደግሞ ውሳኔ አይሰጥም።

ሐረማያንም አስቡ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ደረቀ፤ ከዓመታት በኋላ ውኃ ተመልሶበታል። ውኃው ሲመለስ ወፉ ምን ያህል እንደ ተመለሰ ለመናገር ከመድረቁ በፊት የነበረው መዝገብ ያስፈልጋል። በጣናም ከ2011 ጀምሮ የእምቦጭ አረም የሐይቁን ዳርቻ ሲሸፍን፣ የተሸፈነው ጭቃ የእነማን ማዕድ እንደ ነበር የሚያስረዳው ቀድሞ የተጻፈ ማስታወሻ ብቻ ነው።

አደጋው የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጨፌ ላይ ግንባታ ወይም እርሻ ሲታሰብ ባለሙያ ሄዶ ያያል። የሚሄደው መንገዱ ሲደርቅ ነው። በየካቲት ጨፌው ባዶ መሬት ይመስላል፤ በሪፖርቱም ላይ ባዶ መሬት ተብሎ ይጻፋል። ውሸት የጻፈ የለም፤ በየካቲት ያየውን ጽፏል። ረግረግ የሚጠፋው በክፉ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በበጋ ስለታየም ይጠፋል።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ወር በሐይቁ ዳር ማስታወሻ እየያዝኩ ሳለ ደንገል ሲያጭዱ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀርበው የምሠራውን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ እኔ የማውቀውንም ትጽፈዋለህ ወይስ አንተ ያየኸውን ብቻ?» አሉኝ። በሃያ ስምንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ስለ ታሪክ አጻጻፍ የዚህን ያህል ቀጥተኛ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። የብሩስን አምስት ቅጽ የሚመዝን ጥያቄ ነው።

ሦስት ሐሳቦች

ስለዚህ ለፋኩልቲያችንና ለተማሪዎቻችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የክረምት መዝገብ እንጀምር። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ባለው ጊዜ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ዘወትር በአንድ ሥፍራ የሚጻፍ ቀላል ደብተር ይሁን። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ውኃው የደረሰበት ምልክት፣ የሣሩ ቁመት፣ የታየው ወፍና ብዛቱ ይጻፍበት። የወፉን የእንግሊዝኛ ስም የማያውቅ ተማሪ መልኩን፣ የመንቆሩን ቅርጽና የእግሩን ቀለም ይጻፍ። ስሙን በኋላ የሚያወጣለት ይገኛል፤ ያልተጻፈ ጠዋት ግን ተመልሶ አይመጣም። አንድ ነገር ደግሞ እጅግ አደራ እላለሁ። ወፍ በሚራባበት ሣር ውስጥ አትግቡ፤ ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ፣ አድምጡ። ጫጩት ረግጦ የተገኘ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ የነገረን ሰው ስም በፈቃዱ ከመዝገቡ ላይ ይስፈር። እረኛው፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ ደንገል አጫጁ፣ ሣር የምታጭደው እናት የነገሩን ሁሉ «የአካባቢው ነዋሪዎች እንደሚሉት» በሚል ስም የለሽ ሐረግ አይጠቃለል። ወፉን በየቀበሌው በሚጠራበት ስም እንመዝግበው፤ ያ ስም እንደ «አቡ ሐነስ» በውስጡ አንድ ሙሉ ዕውቀት ተሸክሞ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ። ስለ አንድ ጨፌ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ በየካቲቱ ሪፖርት አጠገብ የነሐሴው ደብተር ይቀመጥ። ውሳኔው ለሩዙ ወይም ለግንባታው ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ግን የተወሰነው ሁለቱንም ወቅት አይቶ ይሆናል።

ክቡራንና ክቡራት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዮሐንስ ነው። ችቦው ይበራል፣ አደይ አበባው ይቀጠፋል፣ ልጃገረዶቹ በየደጁ ይዘፍናሉ። በዚያው ጠዋት በጣና ዳር ነጩ ወፍ በጎበጠ መንቆሩ ጭቃውን ይፈትሻል፤ ከሳይቤሪያ የመጣው እንግዳም ከአጠገቡ ይቆማል። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ይህን አይቶ ስም ያወጣ ወገናችን ስሙ አልደረሰንም። የዘንድሮውን ለማየት የሚወጣው ሰው ግን ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሊያስቀምጥ ይችላል። ደብተሮቹ በትምህርት ክፍላችን ጽሕፈት ቤት ተዘጋጅተዋል፤ መመዝገብ የምትፈልጉ ከገለጻው በኋላ ስማችሁን እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።